ብርሃን የማን ወገን ነው?

ኮረብታና ሐይቅ ጎን ለጎን በሚገኙበት በአንድ አገር ሁለት ወገኖች ይኖሩ ነበር። በኮረብታው ላይ የሰፈሩት ቅንጣቶች ይባላሉ፤ በሐይቁ ዳር የሰፈሩት ሞገዶች። ቅንጣቶች ቆጠራ ይወዳሉ። ልጅ ሲወለድ ይቆጠራል፣ ወሰን ሲካለል ድንጋይ ይተከላል፣ «የት ነህ?» ተብሎ በጣት የሚያሳየው አንድ ቦታ የሌለው ሰው ከሰው አይቆጠርም። ሞገዶች ዘንድ ግን ቦታ መጠየቅ ነውር ነው። ከእነሱ አንዱ ሲነሣ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ይሰማዋል። ሁለት ሞገዶች መንገድ ላይ ቢገናኙ አይጣሉም፤ አንዱ በሌላው ውስጥ አልፎ ይሄዳል። ሲተላለፉ ከፍታ ከከፍታ ከገጠመ ውሃው ይበልጥ ይነሣል፤ ከፍታ ከዝቅታ ከገጠመ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይተኛል።

በመካከላቸው አንድ ሰፊ አውድማ ነበር። እህል የሚደርቀው በብርሃን ነውና የብርሃን ዘመድ የሆነ ወገን አውድማውን ቀድሞ ይያዝ የሚል የአባቶች ደንብ ነበራቸው። ብርሃን በበኩሉ በየማለዳው በኮረብታውም በሐይቁም ላይ እኩል ይወጣል፤ የማን ዘር እንደሆነ ለዘመናት የጠየቀው አልነበረም። ምርት ሲትረፈረፍ ማን ይጠይቃል? ዝናቡ ያለ ወቅቱ በጣለበት ዓመት ግን ሁለቱም ወገኖች ነዶአቸውን ተሸክመው በአንድ ጠዋት አውድማው ላይ ደረሱ። ዱላ ተነሣ። «በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ ባይሰማ ኖሮ ደም ይፈስ ነበር። ነገሩ ወደ ዋርካው ችሎት ተመራ።

ከዋርካው ሥር አንድ ትልቅ መዝገብ አለ። ገጹ ሁሉ በሁለት ዓምድ የተከፈለ ነው፤ በቀኝ «ቅንጣት»፣ በግራ «ሞገድ»። በአገሩ የሚኖር ፍጥረት ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ ሥር ይጻፋል። ሦስተኛ ዓምድ የለም፤ በሁለቱም ልጻፍ ማለት ደግሞ በሐሰት መመስከር ነው።

«ተጠየቅ!» ሲል የኮረብታው ነገረ ፈጅ ነጠላውን አጣፍቶ ተነሣ። «ከግድግዳ ኋላ ለተቀመጠ ሰው ድምፅ ይደርሰዋል፤ ድምፅ ጥጉን ዞሮ ይሄዳልና። ብርሃን ግን ጥጉን አይዞርም። የግድግዳው ጥላ ጠርዙ የተቆረጠ ነው። እንደ ተወረወረ ጠጠር ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሁሉ የእኛ ነው!» የጠራው ምስክርም ተራ ሰው አልነበረም። እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው «ኦፕቲክስ» በተባለው መጽሐፉ ብርሃን የጥቃቅን አካላት ፍሰት ነው ወደሚለው አዘንብሎ ነበር።

የሐይቁ ነገረ ፈጅ «የተጠየቅኩትን እመልሳለሁ» ብሎ የሆላንዱን ክርስቲያን ሆይገንስን ጠራ። ሆይገንስ ከኒውተን ቀድሞ በ1690 ባሳተመው መጽሐፍ ብርሃን ሞገድ ነው ብሏል። ሁለት ሰዎች ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው ብርሃን መንገድ ላይ ይገናኛል፤ ሆኖም አንዱ ሌላውን አይመልሰውም። ጠጠር ቢሆን ተላትሞ በወደቀ ነበር።

ዳኞቹ ግን የመዘኑት ክርክሩን ሳይሆን ስሞቹን ነው። የኒውተን ስም ከብዶ ተገኘና ብርሃን በቀኝ ዓምድ ተጻፈ። ኒውተን ራሱ ግን እንደ ደጋፊዎቹ አልነበረም። በተጋጠሙ መስታወቶች መካከል ያያቸው ባለ ቀለም ቀለበቶች በብርሃን ውስጥ አንድ የሚመላለስ ነገር እንዳለ ነግረውታል፤ እሱም ይህንኑ በመጽሐፉ ጽፎታል። ወገኖቹ ያንን ገጽ ዘለሉት። ለእኔ የዚህ አገር የመጀመሪያው በደል ይኸው ነው፤ ታላቅ ሰው እያመነታ የተናገረውን ልጆቹ መሐላ አደረጉት።

ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ዳኞቹ በልጅ ልጆቻቸው ተተክተው ሳለ አንድ የለንደን ሐኪም ችሎት ፊት ቀረበ። ቶማስ ያንግ ይባላል። የመስኮቱን መዝጊያ በመርፌ ቀዳዳ ያህል በስቶ ቀጭን የፀሐይ ጨረር አስገባ፤ በጨረሩ መካከል አንድ ስስ ካርድ በጠርዙ አቆመና ለሁለት ከፈለው። ግድግዳው ላይ የታዩት ሁለት የብርሃን ክምሮች አልነበሩም። ብሩህና ጥቁር መስመሮች እየተፈራረቁ ተደረደሩ። ከካርዱ በአንዱ ጎን የሚያልፈውን ብርሃን ሲጋርደው መስመሮቹ ጠፉ። እንግዲህ ጥቁሩ ቦታ ጥቁር የሆነው ብርሃን ስላልደረሰው አይደለም፤ ከሁለት ወገን ስለደረሰው ነው። ጠጠር በጠጠር ላይ ተጨምሮ ባዶ አይሆንም፤ እንዲህ የሚያደርገው ሐይቁ ብቻ ነው። ያንግ ግን ጭብጨባ አልጠበቀውም፤ በገዛ አገሩ መጽሔት ላይ ተዘለፈ። የኒውተንን ስም የነካ ሁሉ ይህ ዕጣው ነበር።

ችሎቱን ያንበረከከው ከሐይቁ ወገን የመጣ ምስክር ሳይሆን ከኮረብታው ወገን የመጣ ተቃዋሚ ነው። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ስለ ብርሃን ባወጣው ውድድር ኦገስተን ፍሬኔል የተባለ መሐንዲስ በ1818 የሞገድን ስሌት አቀረበ። ከመርማሪዎቹ አንዱ ሲሜዮን ፑዋሶን በስሌት የተካነ የቅንጣት ሰው ነበር። የፍሬኔልን ቀመር ወስዶ እስከ መጨረሻው አሰላውና አንድ ጉድ አገኘ። ቀመሩ እውነት ከሆነ፣ በክብ ነገር ጥላ እምብርት ላይ፣ ጨለማው ሊበረታ በሚገባው በዚያው ቦታ፣ ደማቅ ነጥብ መታየት አለበት! ይህ ከንቱ ነውና ቀመሩ ይውደቅ አለ። ሌላው መርማሪ ፍራንሷ አራጎ ነገሩን በአፍ አልተወውም። ስፋቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ብረት በሰም መስታወት ላይ ለጥፎ ከብርሃን ፊት አቆመው። የጥላው እምብርት ላይ ነጥቡ ቁጭ ብሎ አገኘው። ከብረቱ ጠርዝ ዙሪያ የተነሡት ሞገዶች ሁሉ እኩል መንገድ ሄደው እኩል ስለሚደርሱ እዚያ ይደማመራሉ። ሽልማቱ ለፍሬኔል ሆነ። ነጥቡ ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው በፑዋሶን ስም ነው፤ ሊያፈርሰው በተነሣው ሰው ስም።

መዝገቡ ተፋቀና ብርሃን በግራ ዓምድ ተጻፈ። ማክስዌል የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በ1865 ባወጣው ጽሑፍ ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ነው አለ፤ ኸርዝ የተባለ ሌላ ሊቅ በ1887 እንዲህ ያለውን ሞገድ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ፈጥሮ አሳየ። ሐይቅ ዳር ከበሮ ተመታ። ቅንጣቶች ከአውድማው ተነቀሉ። ከኮረብታ ወርዳ ሐይቅ ያገባች፣ ከሐይቅ ወጥታ ኮረብታ የወለደች ሁሉ «የማን ነሽ?» እየተባለች በየደጃፉ ቆመች። ፍርድ ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚጎዳው ሁልጊዜ በመካከል ያለው ሰው ነው።

ታዲያ ያው የኸርዝ ጠረጴዛ ሌላም ነገር አሳይቶ ነበር። ከሐምራዊ ባሻገር ያለው፣ ዓይን የማያየው ብርሃን ብረቱን ሲነካው የኤሌክትሪክ ፍንጣሪው ይበልጥ ይቀናዋል። ነገሩ ሲመረመር ብርሃን ከብረት ላይ ኤሌክትሮኖችን እየነቀለ እንደሚያወጣ ታወቀ። አነቃቀሉ ግን የሐይቅ ልማድ አልነበረውም። ደማቅ ቀይ ብርሃን ቀኑን ሙሉ ቢወርድበት አንድ ኤሌክትሮን የማይለቅ ብረት፣ ደብዛዛ ሐምራዊ ሲነካው ወዲያው ይለቃል። ሞገድ ቢሆን ኖሮ ብርታቱ ሲጨምር ግፊቱም በጨመረ ነበር። በ1905 በበርን ከተማ የፈጠራ ማስመዝገቢያ ቢሮ ተቀጣሪ የነበረው የ26 ዓመቱ አልበርት አይንስታይን ብርሃን ኃይሉን የሚያደርሰው በድፍን በድፍን ነው፣ የአንዱ ድፍን መጠንም በቀለሙ ይወሰናል አለ። አሜሪካዊው ሮበርት ሚሊካን ይህን አላመነም፤ ሐሰት መሆኑን ለማሳየት ዓመታት ለፋበት። በመጨረሻ ልኬቱ የአይንስታይንን ቃል አጸናበት፤ እሱም ያገኘውን ሳይሸሽግ አሳተመ። እንዲህ ያለ ምስክር በየችሎቱ ቢገኝ ምንኛ መልካም ነበር።

አሁን ችሎቱ ጨነቀው። ሁለቱም ወገኖች እውነተኛ ምስክር አላቸው፤ መዝገቡ ደግሞ አንድ ዓምድ ብቻ ይፈልጋል። አንዳንድ ሽማግሌ «ብርሃን በብዛት ሲሄድ እንደ ሕዝብ ይተማል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ቅንጣት ነው» ብሎ ሊያስታርቅ ሞከረ። ይህም ተፈተነ። በ1909 በካምብሪጅ ጄፍሪ ቴይለር የሚባል ወጣት ትንሽ የጋዝ ነበልባል አብርቶ፣ በጥላሸት በጠቆሩ መስታወቶች አደብዝዞ፣ ጨረሩን ብርሃን በማያስገባ ሣጥን ውስጥ ወዳለች መርፌ ላከው። ብርሃኑ ከመደብዘዙ የተነሣ የመርፌዋን ጥላ በፎቶ ሰሌዳው ላይ ለማውጣት ወራት ፈጀ። በሣጥኑ ውስጥ ቅንጣት ከቅንጣት ጋር የሚገናኝበት ዕድል እጅግ የመነመነ ነበር። ሰሌዳው ሲታጠብ በጥላው ዳርና ዳር ያ የሐይቅ መስመር እንዳለ ነበር። ብቻውን የሄደውም እንደ ሞገድ ሄዷል።

በዚህን ጊዜ የመሐል ዳኛው ብርሃንን ራሱን አስጠራው።

«ልጄ» አለው፣ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆነን። ማን ነህ?»

«አባቴ፣ ማን ነህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ ብርሃን። «ኮረብታዎቹ የት ደረስክ ይሉኛል፤ የደረስኩበትን አንድ ቦታ አሳያቸዋለሁ። ሐይቆቹ በሁለት በር ለቀውኝ እንዴት ትገናኛለህ ይሉኛል፤ እንዴት እንደምገናኝ አሳያቸዋለሁ። አንዳቸውንም ዋሽቼ አላውቅም።»

የኮረብታው አለቃ ይህን ሰምቶ ተቆጣ። «ሁለት በር ይሠራ፤ በየበሩ ዘበኛ ይቁም፤ በየትኛው እንደገባ ይጻፍ!» አለ። ተደረገ። ዘበኞቹ ቆመው እያንዳንዱን «በየትኛው ነህ?» እያሉ ሲጽፉ እያንዳንዱ በአንድ በር ብቻ የገባ ሆኖ ተገኘ። ከበሮቹ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ግን መስመሮቹ የሉም። የሐይቁ ሴቶች «ዘበኞቹ ስለገፈተሩት ነው!» ብለው ጮኹ። ለዘብ ያሉ ዘበኞች ተተኩ፤ ያው ሆነ። እጃቸውን ሳይዘረጉ በሹክሹክታ ብቻ የሚመዘግቡ ተተኩ፤ ያው ሆነ። የገባበትን በር የሚናገር አንዳች ምልክት የትም ቦታ እስከቀረ ድረስ፣ ማንም ባያነበው እንኳ፣ መስመሩ አይመጣም። ምልክቱ ፈጽሞ በማይቀርበት ጊዜ ይመጣል። የፊዚክስ ሊቁ ኒልስ ቦር በ1927 በጣሊያኗ የኮሞ ከተማ ላይ ሲናገር ያስረዳው ይህንን ጠባይ ነው፤ ሁለቱ ገጽታዎች አንዱ ሌላውን ይሞላል እንጂ በአንድ መለኪያ በአንድ ጊዜ አብረው ሙሉ ሆነው አይታዩም።

በችሎቱ አንዲት መዝገብ ጸሐፊ ነበረች። አባቷ የኮረብታ፣ እናቷ የሐይቅ ሰው ናቸው። ራሷ በመዝገቡ የተጻፈችው በቀኝ ዓምድ ነው፤ የተጻፈችበት ቀን የቆመችው በኮረብታው በር ነበርና። ብዕሯን አስቀምጣ ተነሣች።

«ጌታዬ ዳኛ፣ ይፈቀድልኝ።»

«ተናገሪ፣ ልጄ።»

«ብርሃን ይህን ያህል ከተጠየቀ፣ ከሳሾቹስ ለምን አይጠየቁም?»

በጉባኤው ሳቅ ሆነ። እሷ ግን አንድ የዶክትሬት ጽሑፍ ይዛ ነበር። በ1924 ሉዊ ደ ብሮይ የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ ያቀረበው ነው። ሐሳቡ ቀላል ሆኖ ድፍረቱ ብዙ ነው። ሞገድ የተባለው ብርሃን ቅንጣት ሆኖ ከተገኘ፣ ቅንጣት የተባለው ቁስስ ለምን ሞገድ አይኖረውም? የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የራሱ የሞገድ ርዝመት አለው፤ ክብደቱና ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ርዝመቱ ያጥራል።

ኮረብታዎቹ ለመሐላ የሚጠሩት የኤሌክትሮንን ቤት ነበር። ከዚያ የጠራ የቅንጣት ዘር የለም ይላሉ። ዋሳቸው ጆሴፍ ጆን ቶምሰን ነው፤ በ1897 ኤሌክትሮን ከአቶም የሚያንስ፣ የራሱ ክብደትና ሙል ያለው ቅንጣት መሆኑን አሳይቶ በ1906 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ኤሌክትሮን ወደ በሩ ተጠራ። በ1927 በአሜሪካ ዴቪሰንና ገርመር የተባሉ ተመራማሪዎች ኤሌክትሮኖችን ወደ ኒኬል ክሪስታል ቢልኩ፣ የተመለሱት እንደ ጠጠር በየአቅጣጫው አልተበተኑም፤ በአንዳንድ አንግል በርትተው በሌላው ሳስተው፣ ልክ እንደ ሞገድ ነበር የተመለሱት። ርዝመታቸው ሲለካ የደ ብሮይን ቀመር ገጠመ። በዚያው ዓመት በስኮትላንዷ አበርዲን አንድ ሌላ ሰው ኤሌክትሮኖችን በስስ የብረት ገለባ ውስጥ አሳልፎ በፎቶ ሰሌዳ ላይ የሞገድ ቀለበቶችን አገኘ። ስሙ ጆርጅ ፓጀት ቶምሰን ነው፤ የዚያ የዋሱ ልጅ።

የዚህ አባትና ልጅ ነገር ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። አባት ኤሌክትሮን ቅንጣት መሆኑን አሳይቶ ተሸለመ፤ ልጅ ኤሌክትሮን ሞገድ መሆኑን አሳይቶ በ1937 ከዴቪሰን ጋር ተሸለመ። አባት እስከ 1940 በሕይወት ስለነበረ የልጁን ሽልማት አይቷል። ልጅ አባቱን ሐሰተኛ አላደረገውም፤ የአባቱ ልኬት ዛሬም ልክ ነው። በዋርካው ሥር ግን አባትና ልጅ በሁለት ዓምድ ተለያይተው ይጻፉ ነበር።

የኮረብታው አለቃ ለመጨረሻ ጊዜ ተሟገተ። «ይህ የብዙ ኤሌክትሮን ግርግር ነው፤ አንድ በአንድ ይግቡ!» አለ። እንዳለው ሆነ። በ1989 በጃፓን አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ፣ ሁለት መንገድ ባለው መሣሪያ ውስጥ አሳለፏቸው። እያንዳንዱ ሰሌዳው ላይ ሲደርስ አንዲት ነጥብ ብቻ ሆኖ ታየ፤ ኮረብታዎቹ ደስ አላቸው። ሁለተኛው ሌላ ቦታ፣ ሦስተኛው ሌላ ቦታ። መጀመሪያ ዝም ብሎ የተበተነ ጤፍ ይመስላል። ሺዎች ሲሆኑ አንድ ነገር መታየት ይጀምራል፤ ነጥቦቹ የሚሸሹት ሰርጥ አለ፣ የሚከማቹበትም ሰርጥ አለ። በአስር ሺዎች ሲሆኑ የያንግ መስመሮች ፍንትው ብለው ወጡ። አንዱ ሲገባ ያለፈው ደርሶ አብቅቷል፤ የሚቀጥለውም ገና አልተነሣም። ማንም ከማንም ጋር አልተማከረም። ሲደርስ ቅንጣት፣ ሲሄድ ሞገድ፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ሁለቱንም ነበር።

ጉባኤው ጸጥ አለ። የመሐል ዳኛው መዝገቡን ወደ ራሱ ስቦ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አገላበጠው። ከዚያ ፍርዱን ተናገረ።

«አንደኛ፣ ሁለቱም ወገኖች ስለ ብርሃን ያዩት እውነት ነው፤ 'የእኛ ብቻ ነው' ያሉት ግን በምስክር አልጸናምና ተሽሯል። ሁለተኛ፣ ከሳሾች ራሳቸው ተፈትነው እንደ ተከሳሹ ሆነው ስለተገኙ በብርሃን ዝምድና አውድማ ሊይዙ አይችሉም፤ አውድማው በተራ የሁሉም ይሁን። ሦስተኛ፣ በየበሩ የቆሙት ዘበኞች ለፈተና ካልሆነ በቀር ይነሡ። አራተኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ መዝገብ መልስ ያለ ጥያቄው አይጻፍ፤ ማን ጠየቀ፣ በየትኛው በር፣ በምን መለኪያ የሚለው ከመልሱ አጠገብ ይስፈር።»

ጸሐፊዋ ፍርዱን ጽፋ ስትጨርስ የራሷን ስም ፈለገች። «ቅንጣት» የሚለውን አልፋቀችውም። ከአጠገቡ «በኮረብታው በር ስትጠየቅ» ብላ ጨመረችበት።

የኮረብታው አለቃ ይግባኝ አለ። «ኤሌክትሮን ደቃቃ ነው፤ እኛ ትልልቆቹን አይመለከተንም» የሚል ነው አቤቱታው። ይህ መልስ የሚገባው አቤቱታ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው የሞገድ ርዝመቱ ቢሰላ ከአቶም እምብርት ከቢሊዮን ቢሊዮን እጥፍ በላይ ያንሳል፤ ያንን የሚያሳይ በር ማንም ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ ችሎቱ ይግባኙን ወደ ቪየና ላከው። በዚያ በ1999 ስልሳ የካርቦን አቶም ያለው፣ እንደ ኳስ ክብ የሆነ ሞለኪውል በቀጫጭን ክፍተቶች ተላከና መስመሩን አሳየ። በ2019 ደግሞ ሁለት ሺህ ያህል አቶም ያላቸው ሞለኪውሎች ተላኩ፤ እነሱም አሳዩ። በዚያ ችሎት ትልቅ ነኝ ብሎ ቀርቦ እስካሁን ነፃ የወጣ የለም፤ ፍርዱም እንደጸና ነው።